የጠፋ ከብት ክፍልን የቆለፍን ሰሞን

በሠላሳ አራት ዓመትሽ የጠፋ ከብት አድሚን ትሆኛለሽ ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር፣ ምን ነካው ብዬ ጸበል እወስደው ነበር። እንጅባራ ውስጥ አንዲት ጠባብ ኮፒ ቤት አለችኝ። መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ማመልከቻ እተይባለሁ፣ መብራት ሲሄድ ደግሞ በሩ ላይ ተቀምጬ ዝናቡን እሰድባለሁ። የእንጅባራን ዝናብ ሰድቦ ለመጨረስ ሰፊ ጊዜ ይጠይቃል። እኔም ሰፊ ጊዜ ስለነበረኝ ነው እዚህ ጣጣ ውስጥ የገባሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የዳንግላ ሰው አዲስ አበባ ብዙ ዘመን ሠርቶ ሲመለስ፣ ያገራችን ሰው በስልኩ የሚወያይበት መድረክ ከፈተ፤ ራሱንም ሥራ አስኪያጅ አለ። አፑን ትጭናለህ፣ የፈለግከው ክፍል ትገባለህ፣ የልብህን ትጽፋለህ። የድንች ክፍል አለ፣ የፈረስ ክፍል አለ፣ የሠርግ ክፍልና የሐዘን ክፍል አለ፣ የጠፋ ከብት ክፍልም አለ። በየክፍሉ ስድብ የሚያጠፋ፣ ጠብ የሚገላግል፣ ውሸታም የሚያባርር አንድ አንድ አድሚን ተመደበ። አምስታችንም የምንሠራው በበጎ ፈቃድ ነበር። ሥራ አስኪያጁ በዓመት አንዴ "እናንተ የመድረኩ ምሰሶ ናችሁ" ብሎ ይጽፍልናል፤ እኛም ምሰሶ መባሉ ደስ ብሎን ቆመን እንከርማለን።

የጠፋ ከብት ክፍል የእኔ ነበር። ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ! አንዱ በግ ጠፋብኝ ብሎ የጎረቤቱን በግ ፎቶ ይለጥፋል። ሌላው አህያ አገኘሁ ይልና ምልክቷን ንገረን ሲባል "አህያ አህያ ነው የምትመስለው" ይላል። አንድ ጊዜማ አንዱ ተጣልታው የሄደችውን ሚስቱን ለጠፈ። አጠፋሁበት። በየትኛው ሕግ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ከብት አይደለችም አልኩት። ይግባኝ አለ። ወደ ሐዘን ክፍል መራሁት፤ እዚያም አልተቀበሉትም።

እንዲያም ሆኖ ክፍሉን እወደው ነበር። ከዘንገና ሐይቅ ዳር፣ ከአዘና፣ ከግምጃ ቤት ገጠር ገበሬዎቹ ይጽፉ ነበር፤ ራሳቸው ባይችሉ በልጆቻቸው እጅ ያስጽፉ ነበር። ብዙዎቹ የሚጽፉት ባገራችን ቋንቋ፣ በአውኛ ነው። እኔም የዘንገና ልጅ ነኝ፣ አፌን የፈታሁት በአውኛ ነው። የቀንድ አጎነባበስ፣ የጆሮ ምልክት፣ የቆዳ መልክ በአማርኛ ሦስት መስመር የሚፈጀው በአውኛ በሁለት ቃል ያልቃል። አንብበህ ስትጨርስ ላሟ ፊትህ ቆማ የምታመሰኳ ይመስልሃል።

መስከረም ላይ ሥራ አስኪያጁ ማስታወቂያ አወጣ። መድረኩን የሚያዘምን አጣሪ ማሽን መጥቷል፣ ከእንግዲህ አላስፈላጊ ጽሑፎች በራሳቸው ይጠፋሉ አለ። እኛ ምሰሶዎቹ እንደማንም ሰው በማስታወቂያ ሰማን። ይሁን፣ ሥራ ያቀልልናል አልን። ማሽኑ ግን የሚያውቀው አማርኛ ብቻ ኖሯል። አውኛ ሲያይ "ይህ ጽሑፍ ትርጉም የሌለው ሆኖ ስለተገኘ ተሰርዟል" ብሎ ዓይናችን እያየ ያጠፋል። ከመጥፋቱ በፊት እንኳ ለማንበብ ጊዜ አይሰጥም።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ገበሬ ዝናብ እያንጠባጠቡ ኮፒ ቤቴ ገቡ። ስልካቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ይዘዋል።

"ልጄ፣ ወይፈኔ ጠፋ ብዬ ባስጽፍ ትርጉም የለህም አለኝ" አሉ።

"እርስዎን አይደለም፣ አባባ፣ ጽሑፉን ነው" አልኳቸው።

"ጽሑፉ የእኔ ቃል አይደል? ስልሳ ዓመት ሙሉ ስናገር ማንም ትርጉም የለህም ብሎኝ አያውቅም። ሚስቴ እንኳ አላለችኝም፤ እሷ ደግሞ ያላለችኝ የለም።"

ምን ልበላቸው? ከነዝናባቸው ወጡ። ያን ቀን ደሜ ፈላ። ለሥራ አስኪያጁ ጻፍኩ፤ ማሽኑ "ጥያቄዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን" ብሎ መለሰልኝ። ለእሱም ስድብ ጻፍኩለት። ለስድቡም አመሰገነኝ።

አምስታችን እንጅባራ ላይ ቅቅል ድንች ከአዋዜ ጋር የምትሸጥ ሴትዮ ቤት ተሰበሰብን። የድንች ክፍሉ አድሚን ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ሲናገር አሁንም ጠመኔ የያዘ ይመስለዋል። የፈረስ ክፍሉ አድሚን የአዘና ባጃጅ ነጂ ነው፤ ፈረስ የለውም። የሠርግና የሐዘን ክፍሎቹን የያዙት ከግምጃ ቤት የመጡ ባልና ሚስት ናቸው፤ እሱ ሠርጉን፣ እሷ ሐዘኑን። አምስተኛዋ እኔ ነኝ። ድንቹ ተበልቶ እስኪያልቅ ሁሉም በየተራው ማሽኑን ረገመ።

መምህሩ እጁን ጠርጎ ተነሣ።

"ይሄ ነገር ደቦ ነው" አለ። "እኛ ደቦ ወጥተናል። ደቦ የጠራ ሰው ምን ያደርጋል? ማጭዱን ይዞ ከሰዉ ጋር ጎንበስ ይላል። ማሳውን ያሳያል፣ ይሄ እርጥብ ነው፣ ያ ድንጋይ አለበት ይላል። የኛ ባለቤት ግን ማሳውን ረግጦት አያውቅም። ቤቱ ጋደም ብሎ ማጭድ ቀይሬላችኋለሁ ብሎ መልእክት ይልክብናል!"

እውነቱን ነው ብለን ጮህን። ድንች ሻጯም ምኑም ሳይገባት እውነቱን ነው አለች። ለሥራ አስኪያጁ ሁለት ጥያቄ ጽፈን ላክን። አንደኛ፣ ማሽኑ ይጥፋ ወይም አውኛ ይማር። ሁለተኛ፣ ሥራ አስኪያጁ ራሱ አንድ ቀን ሙሉ አድሚን ሆኖ ከጎናችን ይሥራ። እንዲሰማን ከሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት እስከ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ክፍሎቻችንን ቆልፈን አድማ እንመታለን አልን።

እዚህ ድረስ ጥሩ ነበርን። ችግሩ ማናችንም ማናችንንም አናምንም። ባጃጅ ነጂው በሁለተኛው ቀን ይከፍታል ብለን ጠረጠርን። ባልየው ደግሞ ሠርግ የሚባል ነገር አንድ ቀን ካመለጠው ያመዋል። እኔንም ከብት የጠፋበት አልቅሶ ቢለምናት ትከፍታለች ብለው አሙኝ፤ ሐሜቱ እውነት ነበር። ስለዚህ ያገሩን ዘዴ አመጣን፤ ዋስ ይያዝብን። ስልካችንን በቀኝ ላለው ሰው ሰጠን፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ቁጥርና ፊደል ደባልቆ ፓስወርዱን ይቀይርና የወጣውን በወረቀት ይገለብጣል። ማንም በቃሉ የማይዘው ረጅም ነገር ነው። አምስቱን ወረቀት በአንድ ፖስታ አሽገን ለታማኝ ሽማግሌ እንስጥ አልን።

"ማን ይሁን?" አለች የሐዘኗ አድሚን።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አባቴ በዘንገና ዙሪያ የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። የደም ጠብ አስታርቀዋል፣ ድንበር ከፍለዋል፣ አደራ በልተው አያውቁም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፖስታውን ወስደን ሰጠናቸው። አባቴ አገላብጠው አዩት።

"ምንድን ነው ውስጡ?"

"ቁልፍ ነው፣ አባ" አልኩ።

"ቁልፍ ወረቀት ሆነ? እሺ። እስከ መቼ?"

"እስከ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት። ከዚያ በፊት እኔም ብለምንዎ እንዳይሰጡኝ።"

"አንቺማ ከልጅነትሽ ስትለምኝ ነው የኖርሽው" አሉና ሁሉም ሳቁብኝ። ከዚያ ኮስተር ብለው ተቀበሉ፤ ቃል ሰጡ። መምህሩ በጣም ስለተነካ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚለውን ተረት ሊጠቅስ ጀመረና የሚናገረው ከማን ፊት እንደሆነ ትዝ ሲለው ሳል አስመስሎ ዋጠው።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ቆለፍንና ከአድሚንነቱ ወጣን፤ ያለዚያ ወረቀት መመለሻ የለም። አቤት ደስታችን! መድረኩ ጭው አለ። ባጃጅ ነጂው ባጃጁ ላይ "አድማ ላይ ነን" ብሎ ለጥፎ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲጭን ዋለ። ባጃጁ አድማ ላይ አይደለም አለ። ባልና ሚስቱ ስልካቸው ዝም ሲል ከስንት ጊዜ በኋላ እርስ በርስ ማውራት ጀመሩ፤ እስከ ማታም ሁለቴ ተጣሉ። ሥራ አስኪያጁ በዋናው ገጽ ላይ አንድ መስመር ብቻ ጻፈ፤ "በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች።" በቅሎ የተባልነው እኛ ነን። ከላይ ሆኖ ክፍሎቹን መክፈት የሚያውቀው ባለሙያው ለዘመድ ሠርግ ኔትወርክ የሌለበት ገጠር ገብቶበት እንደነበረ ግን አልጻፈም።

በዚያው ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የአባቴ ጎረቤት ናቸው።

"የአባትሽ ባዝራ የለችም" አሉኝ። "ጠዋት ከመስኩ ነበረች። ችካሏን ነቅላ ሄዳለች።"

ስለዚያች ባዝራ ልንገራችሁ። ዳማ ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት። ከአባቴ በስተቀር የተጠጋትን ሁሉ ትነክሳለች፤ እኔን ሁለት ጊዜ ነክሳኛለች፣ አንዱን በፋሲካ ዕለት። እናቴ ከሞተች ወዲህ ግን በዚያ ቤት ከአባቴ ጋር የምትውል የምታድረው እሷ ናት። ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት በእሷ፣ እርቅ የሚሄዱት በእሷ ነው። የዚያን ሰሞን ደግሞ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ቀናት ነበር የቀራት። ጫካ ገብታ ብትወልድ ጅብ እናትም ልጅም አያስቀርም።

ወዲያው ስልኬን አውጥቼ ጣቴ ለምዶበት የጠፋ ከብት ክፍልን ነካሁ። "ይህ ክፍል በአድሚኑ ተቆልፏል" አለኝ። አድሚኑ እኔ ነኝ! ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። የአካባቢው ሰው ከብት ሲጠፋው እዚያ መጻፍ፣ ሲያገኝም እዚያ ማየት ለምዷል። ያን በር የዘጋሁት በገዛ እጄ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ ባዝራዋ በጠፋችባቸው በአባቴ እጅ ነው።

ኮፒ ቤቴን ዘግቼ በባጃጅ ዘንገና ደረስኩ። አባቴ በጭቃው መንገድ ጫፍ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው።

"አባ፣ ፖስታውን ይስጡኝ" አልኩ። "አሁኑኑ ከፍቼ እለጥፋለሁ።"

"አይሆንም።"

"እንዴ! የእርስዎ ባዝራ ናት እኮ የጠፋችው!"

"ባዝራዋ የእኔ ናት፤ አደራው የአምስት ሰው ነው" አሉ። "እስከ ሐሙስ ብያለሁ።"

"አራቱን ደውዬ አስፈቅዳለሁ!"

"ቃል የእምነት ዕዳ ነው" አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ዓይኔን አላዩኝም። አባቴ ሰው ሲያናግሩ ዓይን የማያዩ ሰው አልነበሩም፤ ያን ጊዜ ልብ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ንዴቴ አሳወረኝ። ጮህኩባቸው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በአባቴ ላይ ጮህኩ። ከእኔና ከእሷ ወረቀት ይበልጥብዎታል ወይ አልኩ። በትራቸውን አንሥተው ወደ ጫካው ገቡ።

ማክሰኞንና ረቡዕን ፈለግን። በሐይቁ ዙሪያ፣ በቀርከሃው ውስጥ፣ በጉሙ ውስጥ። ስም እየጠራን፣ እሷን መስላ የታየችን ሌላ ፈረስ እየተከተልን። እኔ ለማውቀው ሹፌር ሁሉ ደወልኩ፣ ባጃጅ ነጂው አድማውን ረስቶ አዘናን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠየቀ፣ ባልና ሚስቱ የግምጃ ቤትን ገበያ በሁለት ተካፍለው ዞሩት። የለችም። አባቴ በሁለት ቀን ውስጥ አንድ ቁራሽ በሉ። ረቡዕ ወደ ማታ አጥር ተደግፈው ባዶውን የችካል ቦታ ሲያዩ አየኋቸው። ያን ጊዜ ንዴቴ ለቀቀኝና ማልቀስ ብቻ አማረኝ። ቢሆንም አላናገርኳቸውም፤ ግትርነቱን ከማን ወረስኩት እንግዲህ።

ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በማላውቀው ቁጥር ተደወለ።

"እህቴ፣ የጠፋ ከብት አድሚን አንቺ ነሽ?" አለ የወንድ ድምፅ። ከኋላው ፍየል ይጮሃል።

"ማን ልበል?"

"ሥራ አስኪያጁ ነኝ። በእግዚአብሔር ነው የምልሽ፣ ነይልኝ።"

"ምን ሆነው ነው?"

"ክፍሉ ሲቆለፍ ጊዜ፣ ከብት ያገኘው ሰው ሁሉ እየጎተተ ቢሮዬ ያመጣል! ‘የጠፋ የምታገኙት እናንተ አይደላችሁ? ይኸው’ ብሎ አጥሬ ላይ አስሮ ይሄዳል። ሁለት ፍየል አለ፣ በግ አለ፣ አህያ አለ፣ ጥቁር ወይፈን አለ። ማክሰኞ ደግሞ አንድ ገበሬ ገብሴን ስትበላ ያዝኳት ብሎ ፈረስ አመጣ። ፈረስ አይደለችም እሷ፣ አውሬ ናት! ዘበኛውን ነከሰችው፣ እኔንም ነከሰችኝ፣ አሁን ደግሞ መሬት ላይ ተኝታ..."

"ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት?"

"ሆዷ ይሄን ያህላል! እንጃ፣ የምትወልድ መሰለኝ! ምንድን ነው የሚደረገው?"

"ምንም እንዳያደርጉ! መጣን!"

ያደርኩት አባቴ ቤት ነበር፤ ነገርኳቸው። ገመዷንና ልጓሟን አንሥተው ወጡ። በሚኒባሱ ውስጥ እስከ ዳንግላ ድረስ ልጓሙን ጭናቸው ላይ አድርገው እንደ ታቦት ይዘውት ሄዱ። ረዳቱ ለዕቃ ሂሳብ አለ ሊል አፉን ከፈተና ፊታቸውን ሲያይ ዘጋው።

የመድረኩ ዋና መሥሪያ ቤት ብለን በፍርሃት የምናስበው ነገር አንድ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍልና ከሥሯ ያለ ጭቃ ግቢ ነው። ግቢው በረት ሆኗል። ሥራ አስኪያጁ ከረባቱን በአንድ ትከሻው ወርውሮ፣ ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ፣ በአንድ እጁ የፍየል ገመድ በሌላው ባልዲ ይዞ ቆሟል። ሌላ ቀን ቢሆን ፎቶ አነሣው ነበር። የእኔ ዓይን ግን የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ጥግ ላይ ተኝታለች። ላብ በላብ ሆናለች፣ ዓይኗ ተጎልጉሏል፣ ማንም እንዲጠጋት አትፈቅድም። አባቴ በሩ ላይ ቆሙና በአውኛ ተናገሩ። የተለየ ነገር አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት ከቤት ሲወጡ የሚሏት ነው፤ እንዴት አደርሽ፣ ምን ሆንሽብኝ፣ ይኸው መጣሁ። ባዝራዋ ጆሮዋን አቆመች። አንገቷን አነሣችና በአፍንጫዋ መለሰችላቸው። ሥራ አስኪያጁ ባልዲውን አስቀመጠ።

"ሁለት ቀን ሙሉ ለመንኳት" አለኝ በሹክሹክታ። "ምንድን ነው ያሏት?"

"ትርጉም የሌለው ነገር ነው" አልኩት። አንገቱን ደፋ።

ብዙም አልቆየ፣ ወለደች። ሴት ውርንጭላ ናት፤ እንደ እናቷ ዳማ፣ እግሯ ብቻ የሆነች። ሥራ አስኪያጁ ኮቱን አውልቆ ሲሰጥ አባቴ ሳያመነቱ ጠረጉባት። አባቴ ባዝራዋን የገዟት ከዚሁ ከዳንግላ ዳር ገና ውርንጭላ ሳለች ነበር።

"የመጀመሪያዋ ነው፤ ለካ እናቷ ቤት ልትወልድ መምጣቷ ነው" አሉና ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። "ያገራችን ሴት ልማድ ነው። እኔ ነኝ ያልገባኝ።"

ከዚያ የባዝራዋን አንገት ደባበሱና ለቡዳ መከላከያ ያሰሩላትን የቆዳ ክታብ ያዙ። ቢላቸውን አወጡ። የስፌቱን ክር ሲቆርጡ ከውስጡ የታጠፈ ነገር ወጣ። ፖስታው!

ጠጋ ብዬ አየሁት።

"አባ! እዚያ ነው እንዴ ያስቀመጡት?"

"ከእሷ አንገት የሚደፍር ማን አለ?" አሉ። "ከሣጥን ትሻላለች ብዬ ነው። እሑድ ዕለቱን ክታቡን ቀድጄ ከትቼ ሰፋሁት።"

"ታዲያ ሰኞ ስለምንዎ! ቃል የእምነት ዕዳ ነው ሲሉኝ!"

አባቴ እንደገና ዓይኔን ሸሹኝ። ሽበታሙ ሽማግሌ እንደ ተያዘ ልጅ ጫማቸውን አዩ።

"ምን ልበልሽ?" አሉ። "አደራችሁን ፈረስ ይዛው ጠፋች ልበል? ስንት ዘመን የሰው አደራ ጠብቄ፣ የገዛ ልጄን አደራ ጣልኩ ልበል? እኔ እኮ ቃሌን እየጠበቅኩ አልነበረም፤ ቃሌን እየፈለግኩ ነበር።"

ሳቄና ለቅሶዬ እኩል መጣብኝ። አቀፍኳቸው፤ ባዝራዋ በዚያው ለሦስተኛ ጊዜ ነከሰችኝ። ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን ከፖስታው አልነቀለም።

"ይሄ... የክፍሎቹ ቁልፍ ነው?" አለ። "ሁለት ቀን ሙሉ እዚሁ አጥሬ ላይ ታስሮ ነበር?"

"አንገቷን ቀረብ ብለህ ብታያት ታገኘው ነበር፣ ልጄ" አሉት አባቴ።

"አባቴ፣ እባክዎ አሁን ይክፈቱልኝ። የጠየቁትን ሁሉ እሺ ብያለሁ።"

አባቴ ሰዓት ጠየቁኝ። ሁለት ሰዓት ከሃያ ነው። ፖስታውን ደረታቸው ውስጥ ከተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። "ሦስት ሰዓት ነው ያልኩት" አሉ። ሥራ አስኪያጁም ከጎናቸው ተቀመጠ፤ ምን ያድርግ? አርባ ደቂቃ ሙሉ ሦስታችን ውርንጭላዋ ተነሥታ ስትወድቅ፣ ተነሥታ ስትወድቅ አየን። ለአራቱ ባልደረቦቼ ደወልኩ። መምህሩ ስልኩ ላይ አለቀሰ፤ ከዚያ አፍንጫዬ ነው ጉንፋን ይዞት ነው አለ።

ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን አባቴ ፖስታውን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ከፈትኩት። ያቺን ረጅም ፓስወርድ ሦስቴ ተሳስቼ በአራተኛው ገባሁ። ክፍሉ ተከፈተ። ሥራ አስኪያጁ ስልኬን ሊቀበል እጁን ዘረጋ።

"ዛሬ አድሚኑ እኔ አይደለሁም? ሁለተኛ ጥያቄያችሁ ይሄ አልነበረም? የመጀመሪያውን እኔ ልለጥፍ" አለ።

አባቴ በአውኛ አስጻፉት፣ እኔ ፊደሉን እየነገርኩት በጭቃ ጣቱ ተየበ። ባዝራዬ ተገኘች፣ ሴት ወልዳለች፣ ላፈላለጋችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን። ላከው። ለአንድ አፍታ ታየ። ከዚያ እልም አለ። "ይህ ጽሑፍ ትርጉም የሌለው ሆኖ ስለተገኘ ተሰርዟል።"

"ምን አለ?" አሉ አባቴ።

ሥራ አስኪያጁ ውርንጭላዋን አየ፣ ስልኩን አየ፣ የተጨማለቀ ኮቱን አየ። ፊቱ በርበሬ መሰለ።

"ትርጉም የለውም አለ፣ አባቴ።"

"አንተስ ምን አልክ?"

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ። ከላይ ወንበር ሲወድቅ ሰማን። ማሽኑን ሲያበራ ሪባን አስቆርጦ ነበር፤ ሲያጠፋው ግን እኔና አባቴ ከእነ ፍየሎቹ ብቻ ነበርን። ተመልሶ ወርዶ የባዝራዋን ጽሑፍ እንደገና ላከው፤ አሁን ክፍሉ ውስጥ ቆየ። ከሥሩ ወዲያው አንድ ሰው በአውኛ ጻፈ። ዝናብ ያንጠባጠቡት ሽማግሌ ናቸው፤ ስልካቸውን በላስቲክ ጠቅልለው የመጡት።

"ይሄስ ምን ይላል?" አለኝ ሥራ አስኪያጁ።

አነበብኩለት። ከአዘና ገጠር ነኝ፣ እንኳን ደስ ያለህ ይላሉ። የእኔንም ያየ ካለ ይላሉ። ጥቁር ወይፈን ነው፣ የቀኝ ጆሮው ጫፍ ተቆርጧል፣ የጅራቱ ጫፍ ነጭ ነው፣ ሦስት ሳምንት ሆነው፣ ብጽፍ ብጽፍ እየጠፋብኝ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ቀስ ብሎ ወደ አጥሩ ዞረ። ጥቁሩ ወይፈን ነጭ የጅራቱን ጫፍ እያወዛወዘ የመሥሪያ ቤቱን ማስታወቂያ ሰሌዳ ይልሳል። እኔም ገና ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

"ምን ብዬ ልመልስላቸው?" አለ።

"እኔን ይጠይቁኛል?" አልኩት። "ዛሬ አድሚኑ እርስዎ ነዎት።"

ስልኬን መለሰልኝ። የወይፈኑን ገመድ ራሱ ፈታና ወደ ሽማግሌው አገር መንገዱ በየት በኩል እንደሆነ አባቴን ጠየቀ።